ንጉሥም ይቆጥራል፣ እረኛም ይቆጥራል

መቁጠር ኃጢአት ነውን? ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ቢያስቆጥር መቅሠፍት እንደ ወረደ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። የወንጌሉ እረኛ ግን ከመቶ በጎቹ አንዷ ብትጎድልበት ፍለጋ ወጣ፤ ተመሰገነም። ሥራው ያው መቁጠር ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ከወዴት መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ንጉሡ የቆጠረው ባለው ለመመካት ነው፤ እረኛው ግን የጎደለውን ለማወቅ።

ይህን ያሳሰበኝ የወፎች ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር፣ በብዙ አገሮች፣ በጎ ፈቃደኞች በባሕርና በሐይቅ ዳር ቆመው የውሃ ወፎችን ይቆጥራሉ። መንጋው ሲበዛ ሃምሳ ወይም መቶ ያህሉን በዐይን ከልለው፣ በዚያ ልክ ሌላውን ይሰፍራሉ። በራምሳር ስምምነት መመዘኛ አንድ ረግረግ 20,000 የውሃ ወፎችን ዘወትር የሚያስተናግድ ከሆነ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው ሊባል ይችላል። ወፍ ሸንጎ ቆማ አትከራከርም፤ ቁጥሯ ይመሰክርላታል።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ክርክሩም ዋዛ አይደለም። በሞሮኮ የአትላንቲክ ዳርቻ መርጃ ዘርጋ የሚባል ረግረግ አለ። ምንቃራቸው ቀጭንና ወደ ታች የጎበጠ፣ በጣት የሚቆጠሩ ወፎች በዚያ ይከርሙ ነበር። የዚህች ወፍ ዘር በማያጠራጥር ሁኔታ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እዚያው፣ በፌብሩዋሪ 1995 ነው። ከዚያ ወዲያ ፈላጊው ቢበዛም ውጤቱ ዜሮ ሆነ። በ2025 ከምድረ ገጽ ጠፍታለች ተብሎ ታወጀ። መቁጠር አላዳናትም!

እውነት ነው፣ አላዳናትም። ግን ዜሮን በሐቀኝነት መጻፍ ቀላል አይምሰለን። ቀኑን ሙሉ ጭቃ ውስጥ ቆሞ የዋለ ሰው «አየሁ መሰለኝ» ለማለት ይፈተናል። ዜሮ ብሎ ሲጽፍ ምኞቱን ለእውነት አስገዛ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ መጥፋቷን እንኳ ባላወቅን ነበር።

ሆኖም እዚህ ላይ ካቆምን ራሳችንን አታለልን። እረኛው የተመሰገነው ስለ ቆጠረ ብቻ አይደለም፤ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ስለ ሄደ ነው። ቆጥሮ፣ «ጎደለች» ብሎ፣ መዝግቦ የተኛ እረኛ ከንጉሡ በምን ይሻላል? ጭቃው ውስጥ የቆመው ሰው ድርሻውን ተወጥቷል፤ መነሣት የሚገባን ቁጥሩን የሰማን ነን። በእኛም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ከሰሜን የሚመጡ ወፎች ይከርማሉ። ሳይቆጠሩ ቢጠፉ «አላወቅንም» እንል ይሆናል። ተቆጥረው ከጠፉ ግን ምን ልንል ነው?