የአሮጌ ብረት ውበትና ዕዳው

በሆዳን ሱቆች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የጅቡቲ ፍራንክ ሳንቲም ገልበጥ አድርጎ ያየ ሰው የአገሪቱን አርማ ያገኛል። በመካከሉ ቀጥ ብሎ የቆመ ጦር፣ በጦሩ ላይ ያረፈ ጋሻ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ጩቤ የጨበጡ ሁለት እጆች ይታያሉ። እጆቹ አፋርንና ኢሳን ይወክላሉ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻ ወጥታ ይህን አርማ ስትይዝ ጦርና ጋሻ ለውጊያ መዋላቸው ያለፈ ነገር ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ሞዛምቢክ በሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ሳንጃ የተሰካበት ክላሽንኮቭ አኖረች። አንዷ አገር የአያቶቿን ብረት መረጠች፤ ሌላዋ የተዋጋችበትን።

ሁለቱም ምርጫዎች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። የሚያስገርመው ግን የመጀመሪያው ነው። ሰው የተሻለው በእጁ እያለ ጊዜው ያለፈበትን መሣሪያ ለምን ይወዳል? ይህስ ፍቅር መሣሪያው ለመግደል የተሠራ ሲሆን ከነቀፋ ነጻ ሊሆን ይችላልን?

ይህ ፍቅር ጎልቶ ከሚታይባቸው ሰዎች መካከል የባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ወዳዶች ይገኙበታል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1873 የተቀበለው ኮልት ስድስት ጥይት በሚይዝ ተሽከርካሪ የጥይት ቤት የሚሠራ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተኩስ መቺው በአውራ ጣት ወደ ኋላ መሳብ አለበት። ሽጉጡ በሦስት የአፈሙዝ ርዝመት ይታወቃል፤ ወደ 12፣ ወደ 14 እና ወደ 19 ሳንቲ ሜትር። እያንዳንዱ ልክ ከሥራ የተወለደ ነበር። ረጅሙ አፈሙዝ ባሩዱ ጥይቱን የሚገፋበትን ጊዜ ያስረዝማል፤ በፊተኛውና በኋለኛው ማነጣጠሪያ መካከል ያለውን ርቀት ስለሚያሰፋም ዓላሚውን ይረዳል። ክብደቱና ርዝመቱ ፈረስ ለሚጋልብ ወታደር ብዙ ችግር አልነበረም። አጭሩ በአንጻሩ በወገብ ታጥቆ ለሚሄድ ሰው ይመቻል፤ ከሰገባውም ፈጥኖ ይወጣል።

ዛሬ ፈረሰኛው የለም። በራሱ የሚጎርስ ዘመናዊ ሽጉጥ ከ15 ጥይት በላይ ይይዛል፤ ሲያልቅበትም በቅጽበት ይሞላል። ወዳዶቹ ግን በእነዚያው ልኮች ላይ ይሟገታሉ። አንዱ በረጅሙ ይምላል፤ ሌላው አጭሩ በእጅ ላይ ሚዛኑን ይጠብቃል ይላል። ልኩን የወለደው ምክንያት ሞቶ ልኩ ግን ቀርቷል። መጀመሪያ ጥቅም የነበረው ነገር ውሎ አድሮ ውበት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በሽጉጥ ብቻ የሚታይ አይደለም። ማሰሮ፣ መሶብና በርኖስም ቅርጻቸውን ከሥራ አግኝተው በዓይን ፊት ሞገስ ያገኙ ናቸው። ልዩነቱ መሶብ ያበላ መሆኑና ሽጉጥ ያልሆነ መሆኑ ነው።

ይህ ጉዳይ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ በሽጉጥ ፈንታ የሚነሣው ስም ውጅግራ ነው። ቃሉ ፈረንሳዮች ጠመንጃውን የሚጠሩበት የ«ፉዚ ግራ» ልማድ በአማርኛ አንደበት ተገርቶ የተገኘ ነው። ጠመንጃው እ.ኤ.አ. በ1874 ለፈረንሳይ ጦር የተሰጠ፣ 11 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚተኩስ፣ አንድ ጎራሽ ነበር። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ያህል ሲሆን ሳንጃ ሲሰካበት ከአብዛኛው ሰው ቁመት ይበልጣል። ይህም እንደ ጦር ሆኖ ፈረሰኛን ከሩቅ እንዲመክት ታስቦ ነው። እንግዲህ ዛሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ግርማ የሚሰጠው ያ ቁመት የእግረኛ ወታደር ፍርሃት የወለደው ነበር።

ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን፣ በአማርኛ ለበን የተባለውን ጠመንጃ ስትይዝ ግራው ለራሷ ሠራዊት አሮጌ ሆነ። የአሮጌ ብረት ገበያ ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ ነበር። ኦቦክና ታጁራ፣ ከ1888 በኋላም አዲሲቱ ጅቡቲ፣ ወደ ሸዋ የሚጓዙት የመሣሪያ ቅፍለቶች መነሻ ነበሩ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ግጥም ከተወ በኋላ ከ2,000 በላይ ጠመንጃዎችን ይዞ ታጁራ ላይ አንድ ዓመት ያህል ከተጉላላ በኋላ በ1886 ጉዞ ጀምሮ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ። የጫነው ብረት አውሮፓ የተወችው፣ ከግራም የቀደመ ነበር። በጅቡቲ ከተማ ይኸው ሰው አደባባይ በስሙ ተሰይሞለት ነበር፤ አደባባዩ በኋላ የማሕሙድ ሐርቢን ስም ይዟል።

ከዚህ ታሪክ አንድ ቁም ነገር ይወጣል። ዛሬ «የአባቶች መሣሪያ» ተብሎ የሚከበረው ብረት ሲመጣ የባዕድ ውራጅ ነበር። ባህል ያደረገው ዕድሜው ወይም የአሠራሩ ረቂቅነት አይደለም። ሰዎች ስም አወጡለት፣ ፎከሩበት፣ ለልጅ አወረሱት፣ በለቅሶና በሠርግ ላይ ይዘውት ቆሙ፤ በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ደግሞ በዓድዋ ተራሮች ላይ ተዋደቁበት። ዕቃ ባህል የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ውጅግራውን በአዲስ ጠመንጃ ለመለወጥ አሻፈረኝ የሚል ሽማግሌ ስለ ጠመንጃ አሠራር ያልተረዳው ነገር የለም። የሚጠብቀው ተኩሱን ሳይሆን ትዝታውን ነው።

ከትዝታ ሌላ የአሮጌ ብረት ወዳዶች የሚያቀርቡት ጠለቅ ያለ መከራከሪያ አለ። አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ጥይቱን የሚሰጠው አንድ በአንድ ነው። የሳተ ሰው እንደገና እስኪጎርስ ድረስ ባዶ እጁን እንደቆመ ይቆጠራል። ጥይት ብርቅ በነበረበት ዘመን ደግሞ እያንዳንዷ ተቆጥራ የምትወጣ ሀብት ነበረች። በአማርኛ «አልሞ ተኳሽ» ትልቅ ምስጋና የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። ብዙ የተኮሰ ሳይሆን ተኩሱን የመረጠ ይመሰገናል። በመቺው በአውራ ጣት መሳብ የሚኮራው የኮልት ወዳድም የሚለው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ዘገምተኛ መሣሪያ በሐሳብና በድርጊት መካከል ክፍተት ይተዋል፤ በዚያ ክፍተት ውስጥ ሰው ራሱን ይጠይቃል። ፈጣኑ መሣሪያ ያንን ክፍተት ይዘጋዋል።

ይህ ክርክር እውነትነት አለው። መሣሪያ የያዘውን ሰው ጠባይ ይቀርጻል፤ ገደብ ያለበት መሣሪያም ከባለቤቱ ትዕግሥትን ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ክርክሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቆማል። ትዕግሥት ምሕረት አይደለም። አልሞ የሚተኩስ ሰው ቢያንስ ለራሱ የሚታገሥ ሊሆን ይችላል፤ ከአፈሙዙ ፊት ለቆመው ሰው ግን ልዩነቱ ኢምንት ነው። የ11 ሚሊ ሜትር እርሳስ ያቆሰለው ሰው ጠመንጃው አንድ ጎራሽ በመሆኑ አልተጽናናም።

ሁለተኛም ትዝታ ራሱ የሚመርጠውን ብቻ የመያዝ ልማድ አለው። ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በጥር 1887 እ.ኤ.አ. በጨለንቆ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ነሥተው ሐረርን ሲይዙ፣ ሠራዊታቸው የበላይነቱን ያገኘው በዚሁ በባሕር በኩል በገባ ብረት ጭምር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ በዓድዋ ወራሪን የመለሰው መሣሪያና በደቡብና በምሥራቅ አዲስ ግዛት ያቀናው መሣሪያ ከአንድ ገበያ የመጡ ናቸው። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል ከነፍጥ፣ ማለትም ከጠመንጃ፣ የወጣ ሆኖ ለአንዱ የአርበኛ አያት ስም፣ ለሌላው የመሬት መነጠቅ ስም መሆኑ የዚህ ምስክር ነው። አንድ ውጅግራ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ነጻነት ነው፤ በሌላ ቤት ትረካ ውስጥ ግን በር ሰብሮ የገባ እንግዳ ነው። በጅቡቲ ከተማ ከሐረር፣ ከድሬዳዋ፣ ከወሎና ከሸዋ የመጡ ሰዎች በአንድ ሰፈር በሚኖሩበት ሁኔታ እነዚህ ሁለት ትረካዎች የሚለያዩት በአጥር ብቻ ነው።

ውበትም ቢሆን ስለ ብረት እውነቱን ሁሉ አይናገርም። ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ቴዎድሮስ የላከችው ሽጉጥ በእንግሊዙ ቆንስል በካሜሮን እጅ እ.ኤ.አ. በ1862 ሲደርስ የወዳጅነት ስጦታ ነበር፤ የምስጋና ቃል ተቀርጾበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 13 ቀን 1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትወረር ሕይወታቸውን ያሳለፉት ከዚያችው ንግሥት በተሰጣቸው ሽጉጥ ነው። በጽሑፉና በጌጡ ላይ ስለሚመጣው ነገር የተነገረ አልነበረም። በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል መድፍም ግዙፍነቱ የሚታወስ እንጂ በዚያ ጦርነት ውጤት ያመጣ አልነበረም፤ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ይገኛል። አንዱ በትንሽነቱና በጌጡ፣ ሌላው በግዝፈቱ ተወደደ፤ ፍቅሩ ግን ሁለቱንም መሣሪያ ከመሆን አላወጣቸውም።

እንግዲህ አሮጌ ብረትን መውደድ ነውር ነውን? አይደለም። ለአፈሙዝ ልክ፣ ለሰደፍ እንጨት፣ ለአያት እጅ አሻራ የሚሰማን ፍቅር ሰው ከትናንት ጋር ካለው ዝምድና የሚመነጭ ነው። ይህን ፍቅር አውልቀህ ጣል ማለት ሰውን ከትዝታው መንጠቅ ይሆናል። ነገር ግን ውርስ ዕዳም አለበት። የአባቱን እርሻ የወረሰ ልጅ የአባቱንም ብድር ይከፍላል፤ ጠመንጃ የወረሰም እንዲሁ ነው።

ዕዳው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ብረቱ በእውነት አሮጌ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 የተካሄደው ጦርነትና ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት እንዳሳዩት፣ መሣሪያ በአገሩ ገና የሙዚየም ዕቃ አልሆነም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 መያዝን በፈቃድ ሥር አድርጎታል። ሕግ ግን ቃታን ይቆጣጠር ይሆናል እንጂ ፍቅርን አይመዝንም፤ ያ ሚዛን ለባለቤቱ የተተወ ነው።

ሁለተኛው ዕዳ ታሪኩን ሙሉ አድርጎ መናገር ነው። አያት በዚህ ጠመንጃ ማንን መከቱ ብቻ ሳይሆን፣ ማን ላይስ አነጣጠሩበት? የተመለሰው ወራሪ ማን ነበር? የተወሰደውስ ከብትና መሬት የማን ነበር? ይህን ጥያቄ በልጆቹ ፊት ሊመልስ የማይደፍር ሰው ብረቱን የሚወደው ስለ ውበቱ ነው ቢል፣ ውበቱን መሸሸጊያ አድርጎታል። ሊመልስ የሚደፍር ግን አፈሙዙን ባዶ፣ ታሪኩን ሙሉ አድርጎ ስለሚያወርስ፣ ጎረቤቱ በዚያ ግድግዳ ሥር ቡና ሊጠጣ ቢቀመጥ አይሸማቀቅም።