አሮጌው ቱቦ

የኦሞ ኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች በሚገነቡበት ዘመን፣ በሚዛን ተፈሪ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በርና መስኮት እየሠሩ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ በያጅ ነበሩ። ወጣትነታቸውን የጨረሱት በበቃ በተባለው የቡና እርሻ ውስጥ ነው። እርሻው የመንግሥት በነበረበት በደርግ ጊዜ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽኖችንና የውሃ ቱቦዎችን ይጠግኑ ነበር። እርሻውን ከለቀቁ በኋላም በአካባቢው ቡና ማጠቢያ በተተከለ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

አንድ ቀን ሁለት ወጣቶች ደጃቸው መጡ። አንደኛው የዚያው የሚዛን ልጅ ነው፤ ሌላዋ ከቴፒ የመጣች ናት። ሁለቱም ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በብየዳ ተመርቀዋል፣ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘናም አልፈዋል። ለስኳር ፋብሪካ የእንፋሎት ቱቦ የሚዘረጋ አንድ ድርጅት የበያጅ ማስታወቂያ አውጥቷል። ፈተናው በተግባር ነው፤ ቀኑም ከመስቀል በኋላ ነው።

«ምን ያሠሯችኋል?» አሉ ሽማግሌው።

«ሲክስ ጂ ነው ጋሼ» አለ ልጁ።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉና። ሁለት ቁራጭ ቱቦ ጫፍ ለጫፍ ይገጠምና በ45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ይታሰራል። ቱቦው አይዞርም፤ የሚዞረው በያጁ ነው። ከታች ሲበይድ የቀለጠው ብረት ወደ መሬት ሊንጠባጠብ ይፈልጋል፣ ከላይ ሲደርስ ወደ ቱቦው ውስጥ ሊሰምጥ፣ ጎን ላይ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ሊንሸራተት። ጠፍጣፋ ብረት ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ የለመደ እጅ እዚህ ግራ ይገባዋል። ከሁሉ የሚከብደው ሥር የሚባለው የመጀመሪያው ዙር ነው። ከውጭ ሆኖ እየበየዱ የውስጡን ግድግዳ አቅልጦ ማያያዝ ያስፈልጋል። ከዚያ በላዩ ሌላ ዙር፣ በዚያም ላይ ሌላ ይደረብበታል። የመጨረሻው ሽፋን ካረፈበት በኋላ ያንን ሥር ከውጭ የሚያይ ዓይን የለም። ፈታኞቹ ግን ከብየዳው አራት ቁራጭ ይቆርጣሉ፤ ሁለቱን ሥሩ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ሁለቱን ፊቱ ወደ ውጭ ሆኖ እንደ ዩ ፊደል ያጥፉታል። ከ3 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ስንጥቅ ከተከፈተ ተፈታኙ ወደቀ።

«ልምምድ ቱቦ ይፈልጋል» አሉ ሽማግሌው። «ቱቦ አላችሁ?»

አልነበራቸውም። አዲስ ቱቦ ገዝቶ እየቆረጡ መጣል የሥራ ፈላጊ ኪስ የሚችለው አይደለም። ኮሌጅ ሳሉም እጃቸውን ያፍታቱት በላሜራና በጠፍጣፋ ብረት ነበር። ብዙ ጎበዝ ልጅ ፈተና ላይ የሚወድቀው በስንፍና ሳይሆን ቱቦ ነክቶ ስለማያውቅ ነው።

ሽማግሌው ሁለቱን ይዘው ወደ አንድ ቡና ማጠቢያ ሄዱ። ባለቤቱ ከወንዙ ውሃ የሚስበውን መስመር በአዲስ ቀይሮ አሮጌውን ጓሮ ከምሮታል።

«ለቁራሌ በኪሎ ልሸጠው ነበር ጋሼ። ለምን ፈለጉት?»

«ለነዚህ ልጆች።»

ሰውየው ትንሽ አመነታና ውሰዱ አላቸው። ሽማግሌው ክምሩን አገላበጡት። ዝገት የበላውን፣ ግድግዳው የሳሳውን ወደ ጎን አደረጉ። ዚንክ የተቀባውንም እንዲሁ አስወገዱ፤ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ብርድ ብርድ እያለ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያመጣል። በያጆች ወተት ጠጥተን እንበይደዋለን ይላሉ፤ ወተት ግን ከዚያ ጭስ አያድንም። ከቀረው መሐል መገጣጠሚያ ያለበትን አንዱን ቱቦ ባዩ ጊዜ እጃቸው ቆመ።

«ይኼኛው ነው አምና ጉድ የሠራን» አለ ባለቤቱ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በጥቅምት፣ ለቀማው በደራበት ሰሞን፣ ቱቦው በመገጣጠሚያው ተሰንጥቆ ውሃው ቆመ። ቀኑን ሙሉ የተለቀመው ቀይ እሸት ግቢው ውስጥ ተከምሯል። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ በገዛ ሙቀቱ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። የዚያን ሌሊት የገባው ሁሉ ተበላሸ። ማታ ዘግይተው የመጡትን ባለቤቱ አልቀበልም ብሎ መለሳቸው። ከነሱ አንዷ እሸቷን ከጫካው ድረስ በጀርባዋ አዝላ የመጣች እናት ነበረች። ወደ ቤቷ ተመልሳ አስጥታ ጀንፈል አደረገችው፤ የእሸቱን ዋጋ ግን አላገኘችም።

ሽማግሌው ቱቦውን ወደ ሱቃቸው አስመጡ። ሞርሳ ላይ አሰሩትና በብረት መጋዝ መገጣጠሚያውን ለሁለት ሰነጠቁት። ከውጭ ሲታይ ከስንጥቁ በቀር ብየዳው ወጥ ነው፤ ጉብታ የለበት፣ ጉድጓድ የለበት። ከውስጥ ግን በታችኛው ግማሽ ክብ የሁለቱ ቱቦዎች ጫፍ ሳይነካካ ቀርቷል። በመሐላቸው ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል፤ በመስመሩ ውስጥ ደለል ገብቶ፣ ዝገት በልቶት፣ የቀረው ብረት እንደ ወረቀት ሳስቷል።

«ይህን የበየድኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ጣቢያው ሲተከል። ያዩት ሁሉ እጅህ ይባረክ ብለውኛል።»

ከዚያ ለሁለቱ የተመረጠውን ሌላ ቱቦና ኤሌክትሮዱን እኩል አካፈሏቸው። «ማሽኑ ያው። መጋዙ ግድግዳው ላይ ነው» ብለው ወደ መስኮት ሥራቸው ተመለሱ።

ልጁ ታታሪ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር እየጠበቀ፣ በመጣ ቁጥር እየተነሣ እስከ እኩለ ሌሊት ይበይዳል። እጁ የተባረከ ነው፤ የመጨረሻው ሽፋኑ ከልጅቷ ሽፋን ይበልጥ ያምራል። የጨረሰውን ሁሉ በቡሩሽ አጥርቶ በሩ ላይ በሽቦ ያንጠለጥለዋል። ወደ መናኸሪያው የሚወርደው ሰው ቆሞ ያያል፣ ያደንቃል። እሱም ሌላ ይጀምራል።

ልጅቷ ቀርፋፋ ነበረች። የቱቦውን ጫፍ በግራይንደር አዘንብላ ትሞርዳለች። ከአንድ ኤሌክትሮድ ላይ ልባሱን አራግፋ ሽቦውን እንደ ቪ ታጥፈውና በሁለቱ ጫፎች መካከል ታስገባዋለች፤ ክፍተቱ ዙሪያውን እኩል የሚሆነው እንዲያ ነው። አራት ቦታ ነጥብ ነጥብ አድርጋ ታያይዛለች። ከዚያ በሰዓት ፊት ብናስበው ከ6 ቁጥር ተነሥታ ሽቅብ ወደ 12 ትወጣለች። ከቅስቱ ፊት እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ያለች ትንሽ ቀዳዳ መከፈት አለባት፤ ከጠፋች ሥሩ አልያዘም፣ ከሰፋች ብረቱ ይፈስሳል። ልጅቷ ዓይኗን ከዚያች ቀዳዳ አትነቅልም። ዙሩን ስትጨርስ መጋዙን ታነሣለች።

የመጀመሪያዋን ስትቆርጥ በ6 ቁጥር በኩል ሥሩ አልገባም። በሚቀጥለው አምፒሩን ከፍ አደረገች፤ ከታች ያዘ፣ ከላይ ግን ብረቱ ወደ ውስጥ ተንጠባጥቦ ቀረ። ከዚያ ወደ ላይ ስትደርስ ኤሌክትሮዱን አዘግይታ መሄድ ተወች፤ ቅስቷን አሳጠረች፣ የእጇን ዝንባሌ ለወጠች። እንደገና ቆረጠች። ከያንዳንዱ ላይ ቁራጭ አውጥታ በሞርሳና በመዶሻ ታጥፈዋለች። የተሰነጠቀውን አትጥለውም፤ ቀኑንና ስንጥቁ በስንት ቁጥር በኩል እንደወጣ በኖራ ጽፋ በተራ ትደረድረዋለች። በሩ ላይ የሚሰቀል አንድም ሥራ አልነበራትም።

«እኅቴ፣ የሠራሽውን መልሰሽ የምታፈርሽው ለምንድን ነው?» ይሏት ነበር የሚያልፉ ሰዎች።

«ውስጡን ላየው ነው» ትላለች።

የሚዛን ዝናብ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ለመጨረሻዎቹ ዙሮች የሚሆነው 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ልባሱ እርጥበት ይመጥጣል። እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፤ ጠንካራ ብረት ላይ ሲሆን ከቀዘቀዘ ከሰዓታት በኋላ እንኳ ስንጥቅ ያመጣል። ምድጃ ዳር ማኖር አያድነውም፤ ከ250 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ የኤሌክትሮድ ማድረቂያ ውስጥ መቆየት ይፈልጋል። ልጁ ፓኬቱን በአንዴ ቀዶ ወንበር ላይ ተወው። ልጅቷ የምትሠራበትን ብቻ እየመዘዘች የቀረውን በላስቲክ አጥብቃ ትቋጥር ነበር።

እየቆረጠች ስለምትሠራ ቱቦዋ ቀድሞ አለቀ። ሽማግሌው የቀራቸውን ሰጧት፤ ያንኑ በመጋዝ የተሰነጠቀውን አሮጌ መገጣጠሚያቸውን። ዝገቱ ያልደረሰበትን ቆርጣ፣ ጫፉን ሞርዳ በየደችው። ቆርጠውም አጥፈውም ያዩት እሳቸው ራሳቸው ነበሩ። አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ቁራጩን ኪሳቸው ከተቱት።

በፈተናው ቀን ልጅቷ ወደ ፈታኙ ቀርባ ኤሌክትሮዱ ከማድረቂያ የወጣ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች። እሱም ማድረቂያውን አሳይቷት ወረቀቱ ላይ ከስሟ ሥር አሰመረ። ከዚያ ሁሉም በየደ። በዓይን ሲታይ የልጁን ያህል ያማረ አልነበረም፤ ፈታኞቹም ይህንኑ ተናገሩ። ሲታጠፍ ግን በሥር በኩል የታጠፉት የልጁ ሁለት ቁራጮች ተከፈቱ። የልጅቷ አራቱም ያዙ።

ልጁ ማታ ወደ ሽማግሌው ሱቅ ተመለሰ። ማንንም አልወቀሰም። መጋዙን ከግድግዳው አውርዶ በሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ሁሉ አንድ በአንድ መቁረጥ ጀመረ። የመጀመሪያው በ6 ቁጥር በኩል ሥሩ አልገባም። ሁለተኛውም እዚያው ቦታ ላይ። የመጨረሻውን ሲቆርጥ መሽቶ ነበር፤ ጉድለቱ እዚያው ነው። ያን ሁሉ ሌሊት ሲለማመድ የከረመው ያንኑ ስሕተት ነበር፤ እጁ ስሕተቱን አጥርቶ ተምሮታል።

«ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው።

«መጋዙን አሳይቻችኋለሁ፣ ልጄ። ያፈርኩበትን ብየዳዬንም በፊታችሁ ሰንጥቄዋለሁ። ከዚህ በላይ የምነግርህ አልነበረኝም።»

በማግስቱ ሁለቱ ወደ ቡና ማጠቢያው ሄደው ከጓሮው የቀረውን ቱቦ ለምነው አመጡ። ልጁ የለመደውን ከእጁ ለማስለቀቅ ከመጀመሪያው ልምምድ የበለጠ ጊዜ ፈጀበት። ድርጅቱ በጥር እንደገና ሲፈትን አራቱም ቁራጮቹ ታጥፈው ያዙ።

ይህን ታሪክ ለምታነቡ፣ በሚዛንም በቴፒም በቦንጋም ቡና ማጠቢያ፣ ወፍጮ ወይም የውሃ ፓምፕ ላላችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። መስመር ስትቀይሩ አሮጌውን ቱቦ ለቁራሌ በኪሎ አትሽጡት። በአቅራቢያችሁ ላለው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ ወይም ብየዳ ለሚለማመድ የሰፈራችሁ ልጅ ስጡት። ስትሰጡትም የብረት መጋዝ ጨምሩለት።