ስለ ከሰል፣ ስለ እርሳስና ስለ አልማዝ

ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፤ የሰውን ዋጋ የሚወስነው የተገኘበት ዘር ነው ወይስ ከሌላው ጋር የተሳሰረበት አኳኋን? ብዬ ብጠይቃችሁ፣ ፈጥናችሁ «ዘር ምን ያደርጋል?» ትሉኝ ይሆናል። አፍ ይህን ለማለት አይቸገርም። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ እል ነበር፤ ነገር ግን ሥራዬ ከአፌ ጋር አልተስማማም።

በተማሪነቴ ጊዜ እናቱ ከሰል እየሸጠች የምታስተምረው ጓደኛ ነበረኝ። በፈተና ቀን እርሳሴ ጠፍቶብኝ ስቁለጨለጭ ቢያየኝ፣ የራሱን ለሁለት ሰብሮ ግማሹን ሰጠኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ የሰፈሬ ልጆች «የከሰል ሻጭ ልጅ» እያሉ ሲሣለቁበት እኔም በመካከላቸው ቆሜ ነበር። አልሰደብሁትም፤ ግን ዝም አልሁ። እርሱም አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተና ሄደ። እኔም ዝምታዬን ለብዙ ዘመን እንደ ንጽሕና ስቈጥረው ኖርሁ።

ይህን አሳቤን ያፈረሰው የሰባኪ ቃል ሳይሆን የኬሚስትሪ ትምህርት ነው።

ከሰል እጅ ያጠቁራል፤ በጥቂት ገንዘብም ይሸጣል። አልማዝ ግን ከማዕድን ሁሉ የጠነከረ፣ በነገሥታት ዘውድ ላይ የሚቀመጥ ነው። ስለዚህ የሁለቱ ዘር ለየብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ እንግሊዛዊው ስሚዝሰን ቴናንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1797 ዓ.ም. አልማዝ አቃጥሎ የወጣውን አየር ቢለካው፣ በክብደት ተካካይ ከሆነ ከሰል ከሚወጣው ጋር እኩል ሆኖ አገኘው። አልማዝ ካርቦን ነው፤ ከሰልም በአብዛኛው ያው ካርቦን ነው። እርሳሳችንም ከዚሁ ቤተ ሰብ ነው፤ እርሳስ ከሚባለው ብረት ጋር በስም ቢገናኝም፣ በውስጡ ያለው ግን ግራፋይት የሚባል ካርቦን ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ነው።

እንግዲህ ዘሩ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከማሰሪያው ነው። ሁለት የካርቦን አቶሞች ሲተሳሰሩ እያንዳንዱ አንድ ኤሌክትሮን ያዋጣል፤ ጥንዱም የጋራ ይሆናል። ይህም በአገራችን አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች የሚገቡትን መቀናጆ ይመስላል፤ ሁለቱም ያዋጣሉ፣ የሁለቱም እርሻ ይታረሳል። በአልማዝ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም በአራት አቅጣጫ ከአራት ጎረቤቶች ጋር ተቀናጅቷል፤ ስለዚህ ከየትኛውም ወገን ቢገፉት አይላላም። በግራፋይት ግን እያንዳንዱ አቶም የሚተሳሰረው ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ነው፤ ሁሉም በአንድነት የሳሳ ንጣፍ ይሆናሉ፤ ንጣፉም በንጣፍ ላይ ይደራረባል።

አሁን የምለውን ልብ በሉ። ግራፋይት የሚላላው ማሰሪያው ሁሉ ደካማ ስለ ሆነ አይደለም። ናኖሜትር ማለት ሚሊሜትር ለሚሊዮን ሲካፈል አንዱ እጅ ነው። በአንዱ ንጣፍ ውስጥ ጎረቤታሞች አቶሞች የሚራራቁት 0.142 ናኖሜትር ሲሆን፣ በአልማዝ 0.154 ነው። እንግዲህ የአንድ ንጣፍ ልጆች ከአልማዝም ይልቅ የተቀራረቡና የጸኑ ናቸው። በንጣፍና በንጣፍ መካከል ግን ርቀቱ 0.335 ነው፤ የሚያያይዛቸውም ኃይል እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ሲነኩት አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል።

ይህን በተማርሁ ጊዜ ያ ቀን ትዝ አለኝ። እኛ የሰፈር ልጆች እርስ በርሳችን የጠበቅን ነበርን፤ አንዳችን ስለ ሌላው እንደበደብ ነበር። ያን ልጅ ግን ተንሸራትተን አለፍነው። ፍቅር አልጐደለንም፤ ፍቅራችን ከንጣፋችን አልወጣም እንጂ።

ነገር ግን ሰው ሁሉ እንደ አልማዝ ይጠንክር አልልም። ግራፋይት ባይላላ ኖሮ እርሳስ ባልጻፈም ነበር፤ ከራሱ ጥቂት እየለቀቀ በወረቀት ላይ ስለሚተው ነው የሚጽፈው። አልማዝ ወረቀት ይቀድዳል እንጂ ፊደል አይጽፍም። ደግሞም አቶም ማሰሪያውን አይመርጥም፤ ሙቀትና ግፊት ይመርጡለታል። ስለዚህ አቶም አይወቀስም፤ መምረጥ የምችለው እኔ ግን እወቀሳለሁ።

ያ ልጅ እርሳሱን በሰበረ ጊዜ የራሱን ድርሻ አዋጣ። የእኔ ድርሻ አንዲት ቃል ነበረች፤ እርስዋንም ነፈግሁት። አንዱ ብቻውን ቢያዋጣ መቀናጆ አይሆንም።

ወጣቶች ሆይ፤ ከወገናችሁ ጋር መተሳሰራችሁን አልነቅፍም። ነገር ግን ከክበባችሁ ውጭ የቆመ ሰው ሲሰደብ ብትሰሙ፣ የእርሱንም የእናንተንም ዘር ለመመርመር አትዘግዩ፤ ያችን አንዲት ቃል አዋጡ። ጊዜዋ ካለፈ በኋላ የምትነገር ቃል፣ እንደዚህች እንደኔ ጽሑፍ፣ ለተበደለው ሰው አትደርስም።