ሳቅና የሸክሙ ባለቤት

የኀያላንን ስሕተት በሳቅ መግለጥ ከጥንት የታወቀ የጥበብ ሥራ ነው። ተግሣጽ ያልመለሰው ሰው አንዳንድ ጊዜ ሲሳቅበት ዐፍሮ ይመለሳልና። ነገር ግን ሳቅ ራሱ ግዴታ የለበትምን? ብለን እንጠይቃለን።

ለዚህ ጥያቄ ምክንያት የሆነን፥ በ2009 እ.ኤ.አ. ግራንት ሄስሎቭ ያዘጋጀው፥ ጆርጅ ክሉኒ የሚጫወትበት «ፍየል ላይ የሚያፈጡ ሰዎች» የተባለው ፊልም ነው። ታሪኩ ጆን ሮንሰን በ2004 እ.ኤ.አ. ካወጣው መጽሐፍ የተወሰደ ሲሆን፥ የአሜሪካ ጦር ከቬትናም ሽንፈት በኋላ ያደረገውን እንግዳ ሙከራ ያወሳል። ፍየልን በማፍጠጥ ብቻ ለመግደል የሚሞክር ወታደርና ግድግዳ አልፋለሁ ብሎ የሚላተም ጄኔራል እናያለን፤ እንስቃለንም። መጽሐፉ ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ ቀልድ የሚመስለው ሐሳብ በኢራቅ እስረኞችን በማያቋርጥ ዘፈን እስከ ማሠቃየት መድረሱን ያሳያል። ፊልሙ ይህን ነካ አድርጎ ያልፈዋል። የሰጠውን ተስፋ ያልፈጸመው በዚህ ነው።

«ኮሜዲ ለመዝናኛ ነው፤ ከዚህ በላይ አይጠየቅም» የሚሉ አሉ። መልሳችንን ከአገራችን ታሪክ እናምጣ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፥ ወንጌል ለማስተማር የመጡትን አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ። ሰባ ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጣ። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፥ መንገድ እየተጠረገለት፥ በጋይንትና በጨጨሆ፥ ኋላም በበሽሎ ገደል በሰው ጉልበት እየተጐተተ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ። የታሰበውንም ድል አላስገኘም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን ዐረፉ።

ሰባኪ መድፍ ሲያቀልጥ፥ መድፍም ተራራ ሲወጣ፥ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሳቅ ይሆናል። ገመዱን ለጐተተውና በዚያው ዘመን በጦር ለተመዘበረው ለበጌምድር ገበሬ ግን ሳቅ አልነበረም። ንጉሡም ቢሆኑ እብድ ተብለው የሚታለፉ አይደሉም፤ ያስጨነቃቸው የአገራቸው በመሣሪያ ወደ ኋላ መቅረት ነበር።

እንግዲህ በኀያላን ሙከራ መሳቅን አንከለክልም። የሚስቀው ግን የሙከራውን ሸክም ማን እንደ ተሸከመ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ የተለየው ሳቅ ኀያሉን አያሳፍርም፤ የተጐዳውን ብቻ ያስረሳል።