የቻለ ሰው ግዴታ፣ የአስተዳዳሪ አደራ

ከአምስቱ የእስልምና መሠረቶች አራቱን ምእመኑ ከቀዬው ሳይርቅ ሊፈጽማቸው ሲችል፣ አምስተኛው ሐጅ ግን ከአገርና ከዘመድ ለይቶ፣ ባሕርና በረሃ አሻግሮ፣ የዕድሜ ልክ ጥሪትን አስወጥቶ ከመካ የሚያደርስ ብርቱ ግዴታ በመሆኑ፣ ቁርኣን ሲደነግገው ጉዞውን በቻለ ሰው ላይ ብቻ ወሰነው። የሕግ ሊቃውንትም ይህን መቻል ሲያብራሩ፣ ስንቅና መጓጓዣ፣ የአካል ጤንነትና የመንገድ ሰላም፣ ተጓዡ እስኪመለስም ቤተሰቡ የሚተዳደርበት ቀለብ ሊኖር ይገባል፣ ባለዕዳም ዕዳውን ያስቀድም ብለው ስላስተማሩ፣ ልጆቹን አስርቦ ይሄድ ዘንድ የታዘዘ ድኻ የለም፤ ባለመሄዱም ኃጢአት አይቈጠርበትም።

ከዚህ ተነሥተው፣ ያልቻለ ነጻ ከሆነ የሐጅ ጉዞ ዋጋ መናር የሃይማኖት ጥያቄ አይደለም የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ ግን ለድኻው የተሰጠውን ምሕረት ዋጋ ለሚተምነው ሰው መሸሸጊያ ያደርገዋል። የሰው መቻል ከገዛ ጥረቱና ከፈጣሪው በረከት ብቻ የሚመጣ ሳይሆን፣ ክፍያውን በሚቆርጥ፣ ፈቃዱን በሚሰጥና ጉዞውን በሚያሰናዳ ባለሥልጣን እጅም የሚሰፋና የሚጠብ ስለ ሆነ፣ ያለ በቂ ምክንያት አንዲት ብር የሚጨምር ሁሉ አላህ በመቻል የለካውን ግዴታ በራሱ ጥቅም መልሶ ይለካዋል።

ይህ ፈተና የዘመናችን ብቻ አይደለም። በ1183 እ.ኤ.አ. ከአንዳሉስ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን የተሻገረው ኢብን ጁበይር እንደ መሰከረው፣ ቀደም ባለው ዘመን በዐይዛብ ወደብ ከእያንዳንዱ ሐጃጅ 7 ዲናር ተኩል ቀረጥ ይጠየቅ ነበር፤ መክፈል ያቃተውም ይሠቃይ ነበር። ሱልጣን ሰላሑዲን ይህን ቀረጥ ሽሮ በምትኩ ለመካው አሚር ገንዘብና እህል እንዲላክለት ቢያደርግም፣ ኢብን ጁበይር ጅዳ በደረሰ ጊዜ ድርጎው ስለ ዘገየ አሚሩ ሑጃጆቹን ለክፍያው እርስ በርሳቸው ዋስ አስጠርቷቸዋል። ቀረጥን በአዋጅ መሻር መልካም ሆኖ ሳለ፣ በቀረጡ ይኖር የነበረው ወገን በምን እንደሚተዳደር ካልጸና፣ ሸክሙ ተመልሶ በሐጃጁ ትከሻ ላይ ያርፋል። የሳዑዲው ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በሑጃጅ ላይ ይጣል የነበረውን ግብር ያስቀሩት በ1952 እ.ኤ.አ.፣ የነዳጅ ሀብት ለመንግሥታቸው ሌላ ገቢ ካስገኘ በኋላ ነበር።

ዛሬ ደግሞ ከዋጋው ሌላ ቍጥሩም ተወስኗል። ሑጃጆች ሁሉ በአንድ ቀን በዐረፋ መቆም ስላለባቸው፣ ስፍራውም እንደ ሕዝቡ ብዛት ስለማይሰፋ፣ የእስላም አገሮች ድርጅት በ1980ዎቹ ማብቂያ እ.ኤ.አ. ለአንድ ሚሊዮን ሙስሊም 1,000 ሐጃጅ የሚል ልክ አቆመ። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓው ዐበይት ዓላማዎች አንዱ ነውና ይህ ገደብ ርትዕ ነው። ነገር ግን በ2024 እ.ኤ.አ. የመካ ሙቀት ከ50 ዲግሪ በላይ በወጣበት ወቅት ከ1,300 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከመቶው 83ቱ ፈቃድ ያልነበራቸውና ያለ ጥላ፣ ያለ ማረፊያ ረዥም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ መሆናቸውን የሳዑዲ መንግሥት አስታወቀ፤ ግብፅም ሰዎችን አታልለው ያለ ሐጅ ፈቃድ ልከዋል የተባሉ 16 የጉዞ ድርጅቶችን ፈቃድ ነጠቀች። አታላዩን መቅጣት ተገቢ ነው፤ ሕጋዊው በር ለድኻ የማይደረስበት ሲሆን የአታላዩ ገበያ እንደሚደራ ግን ሕግ አውጪው ሊያስብ ይገባዋል።

ይህን በር ለድኻው ለመክፈት የተሞከረ መንገድም አለ። በማሌዥያ ኡንግኩ አዚዝ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ፣ ገበሬው ወለድ ፈርቶ ገንዘቡን በቤቱ ሲሸሽግ፣ ለሐጅም መሬቱንና ከብቱን ሸጦ ሲመለስ ደኽይቶ ሲቀር አይተው፣ በ1959 እ.ኤ.አ. የቁጠባ ተቋም እንዲመሠረት አሳሰቡ። ከአሳባቸው የተወለደው ታቡንግ ሐጂ የብዙኃኑን ጥቂት ጥቂት ቁጠባ በሐላል ሥራ አውሎ ትርፉን ለቆጣቢዎቹ ያካፍላል። ይሁን እንጂ በ2018 እ.ኤ.አ. ዕዳው ከሀብቱ በልጦ ስለ ተገኘ መንግሥት ሊደግፈው ግድ ሆነ፤ መልካም አሳብም ያለ ብርቱ ምርመራ አይጸናምና።

በአገራችንም የጉዞው ዋና ዋና ወጪ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ስለ ሆነ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ለዓመታት በብር ያጠራቀመ ሰው ጥሪቱ ከመንገዱ አጥሮበታል። ስለዚህ ሐጅን የሚያስተዳድሩ ሁሉ ለአውሮፕላን፣ ለማረፊያና ለአገልግሎት የሚከፈለውን እያንዳንዱን ሒሳብ ለሕዝብ ይግለጹ፤ በገለልተኛ መርማሪም ያስመርምሩ፤ ከወለድ የነጻ የሐጅ ቁጠባንም ያጠናክሩ። ምእመኑም ሳይችል በሕገ ወጥ መንገድ ነፍሱን አሳልፎ አይስጥ። ሑጃጆች የአላህ እንግዶች ናቸውና፣ ከእነርሱ ያለ አግባብ የሚወሰድ ገንዘብ ከእንግዳው ብቻ ሳይሆን ከጋባዡ እንደ ተሰረቀ ሁሉም ይወቅ።