የተረፈው ሰዓት የት ደረሰ?



እናቶቻችን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ ይፈጩ፣ እንስራ አዝለው ምንጭ ይወርዱ ነበር። በገጠር ዛሬም ይህን ሸክም የተሸከሙ ብዙዎች ናቸው። በከተማ ግን የሞተር ወፍጮ፣ የቧንቧ ውሃና የኤሌክትሪክ ምጣድ ድካሙን አቅልለውታል፤ የአንድ ቀን መንገድ ይፈጅ የነበረውን መልእክትም ስልክ በቅጽበት ያደርሰዋል። እነዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ለሰው በሰጠው አእምሮ የተገኙ በረከቶች ናቸውና ልናመሰግን ይገባናል። የወገብ መጉበጥ በራሱ ጽድቅ አይደለም።

ነገር ግን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ከወፍጮውና ከምንጩ የተረፈው ሰዓት የት ደረሰ? «ጊዜ የለኝም» የሚለው ቃል ዛሬም ከአፋችን አልጠፋም። የታመመውን ጎረቤት በስልክ «እግዜር ይማርህ» ብለን እናልፈዋለን። ማታም አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠን እያንዳንዳችን በየስልካችን እንጠመዳለን፤ የቤተሰብ ጸሎት ይቀራል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታ ማርታን የገሠጻት ስለ ሠራች ሳይሆን ልቧ በብዙ ነገር ስለ ተጨነቀ ነው። መሣሪያ የማርታን እጅ ሊያሳርፍ ይችላል፤ ልቧን ግን የሚያሳርፈው በጌታ እግር ሥር መቀመጥ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1998 ስለ ጌታ ቀን በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የሰንበትን ቅድስና ከሥራ ማረፊያ ከሆነው የሳምንት መጨረሻ ጋር እንዳናምታታ አሳስበዋል።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ያረፈው ማን ነው? የኤሌክትሪክ ምጣድ በገባበት ቤት የምታገለግለን ልጅ ወደ ቅዳሴ ወይም ወደ ማታ ትምህርት የምትሄድበት ሰዓት አገኘችን? ወይስ በተረፈው ጊዜ ሌላ ሥራ ተጨመረባት? የእርሷን ሰዓት ወስደን በሰንበት ብናስቀድስ፣ ሰንበትን አከበርን ማለት እንዴት ይቻለናል?

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከተረፈን ጊዜ ጥቂቱን ለባለቤቱ እንመልስ። አምስቱን የመቁጠሪያ ምሥጢራት በኅብረት መድገም ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። የታመመውን በእግራችን ሄደን እንጠይቅ፤ በቤታችን ለምታገለግለውም የዕረፍት ሰዓቷን እንስጣት። ዘመናትን በእጁ የያዘ አምላክ ዕድሜያችንን ለፍቅር ሥራ ያድርግልን፤ አሜን።