እጥረት፣ ምርጫና ፍቅር
(ዮሐ. 6፥1-15)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በጥብርያዶስ ባሕር ማዶ ብዙ ሕዝብ ጌታችንን ተከትሎ በመጣ ጊዜ፥ ይህን ሁሉ ሰው የሚያበላ እንጀራ ከየት እንደሚገዛ ፊልጶስን ጠየቀው። ፊልጶስም ፈጥኖ አሰላ፤ የ200 ዲናር እንጀራ እንኳ ቢገዛ ለእያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት እንደማይዳረስ ተናገረ። አንድ ዲናር በዚያን ዘመን የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበረ፤ ስለዚህ ፊልጶስ የጠቀሰው ገንዘብ አንድ ሰው ከግማሽ ዓመት በላይ የሚደክምበት ነው። እንድርያስም በበኩሉ ያለውን ቆጠረ፤ በአንድ ልጅ እጅ ከነበሩት አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ በቀር ምንም አላገኘም።

ብዙዎቻችን ይህን ወንጌል ስንሰማ ፊልጶስን እምነት የጎደለው ሰው አድርገን እንወቅሰዋለን። ጌታ ግን ስለ ስሌቱ አልገሠጸውም፤ ሒሳቡ ትክክል ነበረና።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንትም ትምህርታቸውን የሚጀምሩት ፊልጶስ ከቆመበት ስፍራ ነው። የሰው ፍላጎት ብዙ ነው፤ ፍላጎቱን የሚያሟላበት መሬት፥ ጉልበት፥ ገንዘብና ጊዜ ግን የተወሰነ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ይመርጥ ዘንድ ግድ ይሆንበታል፤ አንዱን ሲመርጥም ሌላውን ይተዋል። የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋም በገበያ ከተከፈለው ብር በላይ ነው፤ ስለ እርሱ ሲባል የቀረው ሌላ መልካም ነገር ሁሉ ዋጋው ነው።

ይህን ለመረዳት ትልቅ ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። በክረምት መግቢያ ጎተራው የተራቆተበት ገበሬ ለዘር ያስቀመጣትን አንድ ቁና ጤፍ ሲመለከት ነገሩን በሚገባ ያውቀዋል። ዛሬ ቢያስፈጫት የመጪውን ዓመት መከር በላ ማለት ነው፤ ቢዘራት ልጆቹ ዛሬ ይራባሉ። የቤት እመቤትም ዱቄቱን መጥና ስትሰፍር፥ ለዛሬ የጨመረችው ከነገ የተቀነሰ መሆኑን ታውቃለች። «ምጣኔ» የሚለው ቃላችን ራሱ ከመመጠን የመጣ ነው። እንግዲህ መመጠን ነውር አይደለም፤ ፍጡራን ነንና ሁሉን በአንድ ጊዜ ልናገኝ አንችልም።

ነገር ግን፥ ምእመናን ሆይ፥ ለክርስቲያን ሒሳቡ በዚህ አያበቃም። ምርጫ ሁሉ ዋጋ ካለው፥ ያን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

አንድ አባት ለበኩር ልጁ ሠርግ «ከሰው እንዳላንስ» ብሎ ይበደራል። ድንኳኑ ሰፊ፥ ሰንጋው የሰባ ነው፤ ዘመድ ወዳጁ ጠግቦና መርቆ ይሄዳል። የዕዳው ቀን በደረሰ ጊዜ ግን ከትምህርት ገበታዋ የምትቀረው የሙሽራው ታናሽ እኅት ትሆናለች። የድግሱን ዋጋ የከፈለችው እርስዋ ናት፤ ፈቃድዋን ግን ማንም አልጠየቃትም። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲሉ የተበዳሪውን ሞኝነት ነቀፉ፤ እኛ ደግሞ በተበዳሪው ፈንታ የሚከፍለውን ሰው እናስብ።

በቤት የሚታየው ይህ ነገር በሀገርም ይታያል። በ1965 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሀብ ብዙ ሕዝብ አለቀ። ብዙዎች ምክንያቱ በሀገሪቱ እህል መጥፋቱ ብቻ ይመስላቸዋል። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የረሀብ ጥናት ግን ሌላ ነገር አመለከቱ። እንደ ጥናታቸው፥ የመላ ሀገሪቱ የእህል ምርት ያን ያህል የቀነሰ አልነበረም፤ በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ከቀድሞው ብዙ አልራቀም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ስፍራ የተጫነ እህል ነበረ። ድርቁ የገበሬውን ሰብልና ከብት ባጠፋበት ጊዜ ግን እህል የሚገዛበትንም አብሮ አጠፋበት። ገበያ የሚሰማው ገንዘብ የያዘውን ሰው ድምፅ ነው፤ ባዶ እጁን የመጣውን አይሰማውም። እርሱን ሊሰማው የሚገባው ወንድሙ ነው።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን፥ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ በ1891 እ.ኤ.አ. «ሬሩም ኖቫሩም» የተባለውን ዓዋዲ መልእክት ካስተላለፉበት ጊዜ ጀምሮ፥ የግል ንብረት መብትን እየጠበቀች የምድር በረከት ግን ለሰው ልጆች ሁሉ ጥቅም የተሰጠ መሆኑን ስታስተምር ቆይታለች። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም በመቶኛ ዓመቱ፥ በ1991 እ.ኤ.አ. በጻፉት «ቼንቴሲሙስ አኑስ»፥ ትርፍ የአንድ ድርጅት ሥራ መቃናቱን የሚያሳይ ምልክት መሆኑን ተቀበሉ፤ ነገር ግን ገበያ የማያሟላቸው የሰው ፍላጎቶች እንዳሉ፥ ገንዘብን በዚህ ወይም በዚያ ሥራ ላይ ማዋልም ሁልጊዜ የግብረ ገብ ምርጫ መሆኑን አስታወቁ።

ወደ ወንጌሉ እንመለስ። ያ ስሙ ያልተጠቀሰ ልጅ ስንቁን ሰጠ። ከሌላ ሰው ሞሰብ አንሥቶ ለጋስ አልሆነም፤ ዋጋውን ራሱ ከፈለ። ጌታም ያን ጥቂት ነገር ተቀብሎ፥ አመስግኖ ለሕዝቡ አደለ። ሁሉም ከጠገቡ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ አንዳች ሳይባክን እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። አምስቱን እንጀራ ለአምስት ሺህ ያበዛ አምላክ ፍርፋሪ ሲወድቅ አልወደደም። እንግዲህ በረከት በበዛ ጊዜም ቢሆን ማባከን አልተፈቀደልንም።

ስለዚህ በመጪዎቹ ወራት ድግስ ስንደግስ፥ ዕቁባችን ሲወጣልን፥ እህላችንን ስንሸጥ፥ በቤታችን ተቀምጠን ሦስት ነገር እንጠያየቅ፦ ይህን ስንመርጥ የምንተወው ምንድር ነው? የሚተወው ነገር የማን ነው? ያስ ሰው በምክራችን ላይ ነበረን? ይህ ጥያቄ ለቁምስናችንም ነው። ለበዓል ማድመቂያ የምናወጣው ብር መድኃኒት መግዣ ካጣው በሽተኛ አጠገብ ተቀምጦ ሊታይ ይገባዋል። ጾማችንም እንዲሁ ነው፤ ከማዕዳችን የቀነስነው ወደ ድኻው ካልደረሰ በጎተራችን የተጠራቀመ ቁጠባ ሆኖ ይቀራል።

እንደ ፊልጶስ በትክክል ማስላትን፥ እንደዚያ ልጅ ያለንን መስጠትን፥ እንደ ደቀ መዛሙርቱም የተረፈውን መሰብሰብን እግዚአብሔር ያስተምረን። የእንጀራው ጌታ በቅዱስ ቍርባን ራሱን ቆርሶ የሰጠን ኢየሱስ ክርስቶስ፥ የፍቅርን ዋጋ በወንድማችን ሳይሆን በራሳችን ላይ የምናደርግበትን ጸጋ ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።